ስለ ድምፅ አጠባበቅ፤ የተጨመቀውና ያልተጨመቀው

ሰው ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ፈጥኖ የሚጠፋው ድምፅ ነው። ድንጋይ ተጠርቦ ቢቆም ዘመናትን ይሻገራል፤ ብራና ተፍቆ ቢጻፍ የልጅ ልጅ ያነበዋል፤ ድምፅ ግን ከአፍ በወጣበት ቅጽበት ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህም አባቶቻችን ዜማን ለማቆየት የታመኑበት መንገድ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ማስተላለፍ ነበረ። በ1877 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መኪና ከሠራ ወዲህ ግን የጠፋ ድምፅ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተ።

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን የደረሰው ፈጥኖ ነው። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በሰም በርሜል ላይ አስቀርጸው ልከው ነበረ። ነገር ግን ንግሥቲቱ ቃላቸው ከተሰማ በኋላ በርሜሉ እንዲጠፋ ስላዘዙ ያ ድምፅ ዛሬ የለም። የምኒልክና የጣይቱ መልስ ግን ተጠብቆ ስለ ቆየ እነሆ እስካሁን ይሰማል። ከሁለት ወዳጆች መልእክት አንዱ የቀረ ሌላውም የጠፋ፥ የመኪናው ጥበብ ስለ ተለያየ አይደለም፤ አንዱን የሚጠብቅ ስለ ተገኘ ሌላውንም እንዲጠፋ የሚያዝ ስለ ነበረ ነው።

ዛሬ ድምፅን መቅረጽ ለማንም ሰው ቀላል ሆኗል። ማኅሌት ቢቆም፥ ጉባኤ ቢደረግ፥ ሽማግሌ ታሪክ ቢናገር፥ በኪስ የሚያዘው ስልክ ሁሉን ይቀርጻል። ጥያቄው ግን ከቀላልነቱ በላይ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ከአፍ የወጣው ድምፅ በሙሉ ነውን? ወይስ ከርሱ ተመርጦ የቀረ ጥቂት ክፍል ነው? ይህነን ጥያቄ ለጨዋታ የሚሰማ ሰው ቢተወው አይጎዳም። መዝገብ ቤት የሚያስተዳድር ሹምና የዜማን አደራ የተረከበ ሊቅ ግን ሊተወው አይገባም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ በአንድ ሰከንድ ከ20 ጊዜ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ይሰማል። ዲጂታል የሚባለው አቀራረጽ የዚህን መርገብገብ ልክ በየቅጽበቱ እየሰፈረ በቍጥር ይጽፈዋል። ፈጣኑን መርገብገብ ለመያዝ ስፍሩ ከርሱ እጥፍ በላይ መሆን ስላለበት፥ በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እንዲሰፍር ተደረገ። እያንዳንዱም ስፍር በ16 ቢት ይጻፋል፤ ይህ ማለት የድምፁ ከፍታና ዝቅታ በ65,536 ደረጃ ይለካል ማለት ነው። ለግራና ለቀኝ ጆሮ ሁለት መሥመር ሲያዝ ድምሩ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። እንዲህ ተጽፎ ምንም ሳይነሣለት የተቀመጠው ያልተጨመቀ ድምፅ ይባላል። አንድ ሰዓት የሚፈጀው 635 ሚሊዮን ባይት ያህል ስፍራ ይይዛል።

ይህነን ብዛት ለማሳነስ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም በብራና ሥራ ለሚያውቁ ሰዎች እንግዳ አይደሉም። የመጀመሪያው ጸሐፊ ደጋግሞ የሚመጣውን ቃል በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ አመልክቶ እንደሚያልፈው ያለ ነው። ብራናው ያጥራል፤ ቃሉ ግን አንድ ስንኳ አይጎድልም፥ አንባቢው ምልክቱን ባየ ጊዜ ሙሉውን ያነበዋልና። በ2001 ለሕዝብ የቀረበው ፍላክ የሚባለው የድምፅ ፋይል እንዲህ ያለ ነው። ስፍራውን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሳል፤ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ቍጥር እንደ ነበረ ይመለሳል።

ሁለተኛው መንገድ ከገድል ስንክሳርን እንደ ማውጣት ያለ ነው። ገድሉ ረዥም ነው፤ የስንክሳሩ ንባብ ግን ለዕለቱ የሚበቃውን መርጦ ያቀርባል። ምእመናን ሰምተው ይጠቀማሉ፤ ማንም ስንክሳርን አይነቅፍም። ዳሩ ግን ስንክሳሩን ብቻ ይዞ ገድሉን እንደ ገና ልጻፍ የሚል ሰው ቢነሣ አይችልም። የተተወው ተትቷልና። ኤም ፒ ስሪ የሚባለውና እርሱን የመሰሉት የተጨመቁ ፋይሎች ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። በሰከንድ 128,000 ቢት በሆነ መጠን የተጨመቀ ድምፅ ከሲዲው ከ11 እጅ አንድ እጅ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ የአንድ ሰዓቱም ድምፅ በ58 ሚሊዮን ባይት ገደማ ውስጥ ይገባል።

ይህ ጥበብ የወጣው በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ካለው ከፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም ነው። በሥራው ላይ ከደከሙት ዋነኛው ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ ነበሩ። ደንቡ በ1993 ታትሞ ወጣ፤ የፋይሉም የስም ቅጥያ በሐምሌ ወር 1995 ተወሰነ። የዚያን ዘመን ችግር ስናስብ የሥራውን ጥቅም እንረዳለን። በስልክ መሥመር በሰከንድ 28,800 ቢት ብቻ በሚተላለፍበት ጊዜ፥ 4 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ዜማ ሳይጨመቅ ቢላክ ከ3 ሰዓት በላይ ይወስድ ነበረ፤ ተጨምቆ ግን በ18 ደቂቃ ያህል ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የዓለም ዜማ ሁሉ ከቤት ወደ ቤት ተጓዘ። በ2017 ተቋሙ የፈቃድ ክፍያ መሰብሰቡን ስለ ተወ ጥበቡ ዛሬ ለሁሉ ነጻ ነው።

መጭመቂያው የሚተወውን የሚመርጠው በዘፈቀደ አይደለም። የሰው ጆሮ ደካማነት ተጠንቶ በዚያው ላይ የተመሠረተ ነው። ታላቅ ከበሮ በተመታበት ቅጽበት አጠገብ ያለው ቀጭን ሹክሹክታ አይሰማም፤ ብርቱው ድምፅ ደካማውን ይሸፍነዋልና። መጭመቂያው ድምፁን ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት በሚበልጡ ቍራጮች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ቍራጭ ውስጥ የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚሸፍን ያሰላል። የተሸፈነውን ወይም ይተወዋል ወይም በሻካራ ስፍር ይጽፈዋል። በአነስተኛ መጠን ሲጨመቅም ከ16,000 በላይ የሚርገበገበውን ቀጭን ድምፅ ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ይቈርጠዋል። ገበሬ በአውድማ ላይ ፍሬውን ከገለባ እንደሚለይ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ግን በዚህ አውድማ ገለባ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የተወሰነው በአማካይ ሰው ጆሮ ልክ ነው።

እውነትን ለመመስከር፥ ይህ ሥራ እጅግ የተሳካ ነው። መጠኑ ወደ 256,000 ወይም ወደ 320,000 ቢት ከፍ ሲል ብዙ ሰዎች ከሲዲው ለይተው ሊያውቁት አይችሉም። የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ራሱን የሚፈትንበት ቅን መንገድ አለ። ሌላ ሰው ሁለቱን ድምፆች ስማቸውን ሳይነግረው እየለዋወጠ ያሰማው፤ እርሱም የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይመልስ፤ ከዚያ በኋላ የመለሰው ይቈጠር። እንዲህ ባለው ፈተና ብዙ ትምክሕት ወድቋል። ስለዚህ ለመስማት ብቻ ውድ ዕቃና ትልቅ ፋይል ካልገዛሁ የሚል ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያባክን እንመክረዋለን። ደግሞም በመጥፎ ማይክሮፎን የተቀረጸ ድምፅ ባይጨመቅም መጥፎ መሆኑ አይቀርም።

ሆኖም ጥበቡ የሚደናቀፍባቸው ስፍራዎች አሉ። የመጀመሪያው ብቻውን የሚሰማ የሰው ድምፅ ነው። ብራንደንቡርግ ሥራቸውን ሲፈትኑ የአሜሪካዊቱን የሱዛን ቬጋን ያለ መሣሪያ የተዘፈነ አንድ ዜማ ቢጨምቁት ተበላሽቶ ወጣባቸው፤ ከዚያ በኋላ መጭመቂያውን እያረሙ ያን ዜማ ደጋግመው መፈተኛ አደረጉት። ይህም የሆነው ጕድለቱን የሚሸፍን መሣሪያ በሌለበት የሰው ድምፅ ራቁቱን ስለሚሰማና ጆሮም ከድምፆች ሁሉ ይልቅ የሰውን ድምፅ ስለሚያውቅ ነው። ሁለተኛው፥ ከጸጥታ በኋላ በድንገት የሚመታ የብረት ድምፅ ነው። የመጭመቂያው ሻካራ ስፍር በቍራጩ ሁሉ ላይ ስለሚበተን፥ ምቱ ሳይደርስ አስቀድሞ እንደ ጥላ ያለ ሹክታ ይሰማል፤ የምቱም ስለት ይደነዝዛል። ሦስተኛው፥ ደካማ ሆኖ ቀስ እያለ የሚጠፋ የቤት ውስጥ ገደል ማሚቶ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህነን ሲያነቡ የማንን ነገር እንደምንናገር ሳይገባቸው አይቀርም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ያለ ዋሽንትና ያለ በገና በሰው ድምፅ ብቻ የሚቆም ነው። የመቋሚያው ምት፥ የከበሮው ድምፅና የጸናጽሉ ቀጭን የብረት ድምፅ በጸጥታ መካከል የሚነሡ ናቸው። የመቅደሱና የቅኔ ማኅሌቱ ማሚቶም ከዜማው የሚለይ አይደለም። እንግዲህ መጭመቂያው የሚቸገርባቸው ሦስቱ ነገሮች በአንድ ማኅሌት ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ ማለት ነው። ግዕዝ ዕዝል አራራዩ ተጨምቆም ይታወቃል፤ ዜማው አይለወጥም። የሚጎድለው የጸናጽሉ ስለት፥ የመሪው ትንፋሽና የቤቱ ስፋት ነው።

ምናልባት ከሊቃውንት አንዱ፥ ድጓውስ ቢሆን ምልክቱ የዜማውን ሁሉ ይዟልን? ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገረው ምልክት፥ ይዘቱ፥ ደረቱ፥ ርክርኩ፥ ድፋቱ፥ ጭረቱ፥ ቅናቱ፥ ሂደቱና ቍርጡ፥ የዜማውን መንገድ ያሳያል እንጂ ድምፁን በሙሉ አይዝም። ስለዚህ እርሱም በራሱ መንገድ የተጨመቀ ነው። ዳሩ ግን ከብራናው አጠገብ ሁልጊዜ መምህር ነበረ። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕቱን ወደ ዙር አባ፥ ቅዳሴውን ወደ ሰለልኩላ፥ አቋቋሙን ወደ ጎንደር በአታ የሚሄደው ምልክቱ የማይዘውን ከመምህሩ አፍ ለመቀበል ነው። ለተጨመቀው ፋይል ግን እንዲህ ያለ መምህር የለውም። የጎደለውን የሚሞላለት ያልተጨመቀው ምንጭ ብቻ ነው፤ ምንጩ ከጠፋ ማን ይሞላዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በመሥሪያ ቤቶች፥ በገዳማትና በየግለሰቡ ቤት በካሴትና በክር ላይ የተቀረጸ ብዙ ድምፅ አለ። ክሩ ያረጃል፤ የሚያሰማውም መኪና በገበያ ላይ ብርቅ ሆኗል፤ የሚጠግነው ባለሙያም እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ወደ ዲጂታል ማዛወሩ ግዴታ ነው። አደጋው የሚመጣው ሠራተኛው ስፍራ ለመቈጠብ ብሎ ድምፁን ወዲያው በኤም ፒ ስሪ ጨምቆ፥ ሥራው አልቋል ብሎ ክሩን የጣለ እንደ ሆነ ነው። ይህ ስንክሳር አለን ብሎ ገድሉን እንደ ማቃጠል ያለ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚወስኑት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የበሰሉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱንም ድምፅ ሰምተው፥ ለእኔ አንድ ነው፤ ምን ልዩነት አለው? ይላሉ። ነገር ግን ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ኀይል ነው። ስለዚህ የአንድ ሹም ጆሮ አልሰማሁም ማለቱ ለገና ላልተወለደው ሰው ጆሮ ምስክር አይሆንም። ከዚህም በላይ፥ ዳኛው ጆሮ ብቻ አይደለም። የቆየ ድምፅን ከኵሽኵሽታ የሚያጠራው፥ የአንዱን መምህር ዜማ ከሌላው ጋር የሚያስተያየው፥ በጆሮ ያልተሰማውን የሚመረምረው የኮምፒዩተር ሥራ ነው። መጭመቂያው የሰው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የጣለውን ያ መርማሪ ይፈልገዋል። ደግሞም ከአንድ የመጭመቂያ ዓይነት ወደ ሌላው በተዛወረ ቍጥር አዲስ ጕድለት ይጨመራል፤ የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ላይ ሌላው ጸሐፊ የራሱን እንደሚጨምር ነው። ያልተጨመቀውን ግን ሺህ ጊዜ ቢገለብጡት ሺኛው ከመጀመሪያው አይለይም።

ስለ ስፍራና ስለ ወጪ የሚነሣው ምክንያት በ1995 የሚያሳምን ነበረ፤ ዛሬ ግን አያቆምም። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ለጥበቃ የሚሆን ድምፅ ከ48,000 ስፍርና ከ24 ቢት እንዳያንስ፥ ቢቻልም 96,000 እንዲሆን፥ ጕድለት በሚያመጣ መንገድም እንዳይጨመቅ ይመክራል። በዚህ በከፍተኛው ልክ በሁለት መሥመር የተቀረጸ የ1,000 ሰዓት ድምፅ 2 ቴራ ባይት ከጥቂት ተርፎ ይይዛል። ይህም በእጅ መዳፍ በሚያዝ በአንድ ባለ 4 ቴራ ባይት የዕቃ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ስፍራ ይተርፈዋል። የብዙ መምህራን ዕድሜ የፈጀውን ዜማ ይህን ለሚያህል ዕቃ ብለን ብንቀንሰው የሚመጣው ትውልድ ቈጣቢዎች አይለንም።

እንግዲህ ይህ ሥራ ላለባቸው ሹማምንትና አለቆች የሚጠቅም መስሎ የታየንን በአጭሩ እናስታውሳለን። የመጀመሪያው፥ የማናቸውም ድምፅ ዋና ቅጂ ያልተጨመቀ፥ ወይም እንደ ፍላክ ያለ ጕድለት የሌለበት ይሁን። ሁለተኛው፥ ለማስተማሪያ፥ ለስልክና ለሬድዮ የሚሆነው የተጨመቀ ቅጂ ከዋናው ይውጣ እንጂ ዋናውን አይተካ። ሦስተኛው፥ ዋናው ቅጂ በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ፤ ቢያንስ በሁለት በተራራቁ ስፍራዎች ይኑር፤ በየጊዜውም እየተከፈተ ይመርመር። አራተኛው፥ ክሩ ከተገለበጠ በኋላም ቢሆን አይጣል፤ ነገ ከዛሬው የተሻለ መገልበጫ ይመጣ ይሆናልና።

አምስተኛው ለውል ጸሐፊዎች ነው። የማዛወር ሥራ ለሥራ ተቋራጭ ሲሰጥ፥ ዲጂታል ይደረግ ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የስፍሩ ቍጥር፥ የቢቱ ልክና የፋይሉ ዓይነት በውሉ ውስጥ ይገለጥ። ሲረከቡም ይመርመሩት። የተጨመቀ ድምፅ ተመልሶ ባልተጨመቀ ፋይል መልክ ቢጻፍ ስፍራው ይሰፋል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ውኃ የተጨመረበት ጠጅ ጋኑን ቢሞላውም ጠጁ አልበዛም። ማታለሉ ግን የሚሰወር አይደለም፤ የድምፁ የርግብግብታ ሥዕል በኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ከ16,000 አካባቢ በላይ ያለው በመቀስ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ቢገኝ፥ ድምፁ አንድ ጊዜ ተጨምቆ እንደ ነበረ ብርቱ ምልክት ነውና ተረካቢው ወደ ምንጩ ተመልሶ ይጠይቅ።

በዚህ ሁሉ የተጨመቀውን ድምፅ ለመንቀፍ አልተነሣንም። በሩቅ አገር ያለ ምእመን የአጥቢያውን ቅዳሴ በስልኩ የሚሰማው፥ የገጠር ተማሪ የመምህሩን ቃል በኪሱ ይዞ የሚያጠናው በዚሁ ጥበብ ነው። ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ቀላል መሆኑ መልካም ነው። ለዘር የሚቀመጠው ግን በጎተራ ሙሉ ፍሬ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ የተፈጨ እህል ለእንጀራ እንጂ ለዘር አይሆንም።

ከአባቶች የተቀበልነው ድምፅ ገንዘባችን ሳይሆን አደራችን ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሲመልስ ለእኔ ይህ ይበቃኛል ብሎ ቀንሶ አይመልስም፤ እንደ ተቀበለው ሙሉውን ይመልሳል። ካሴቱ ገና ሳያረጅ፥ የሚያሰማው መኪና ገና ሳይሰበር፥ የሚያውቁትም ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ሥራው ዛሬ ይጀመር።